ለእማዬ የለወጥኩላት መጨረሻ

ለታናሽ እህቴ ለጆሊን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የአላስካው ብርድ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ዱዌይንና ልጆቹስ? እኛ ለክፉ አልተሰጠንም ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አልሆነልኝም። እማዬ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ዐረፈች፤ ዓርብ ቀበርናት። በስልክ ብፈልግሽ ቁጥርሽ ተቀይሯል። ይህን አድራሻ የአክስታችን ልጅ የሰጠችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። መርዶሽን በወረቀት ስለላክሁብሽ ይቅር በዪኝ።

ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በየከሰዓቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ እያመጣሁ አነብላት ነበር፤ እነዚያን ድሮ ባሕር ተሻግረው ስለመጡት፣ በባዶ ሜዳ ጎጆ ቀልሰው ክረምቱን በጸሎት ስለገፉት ሰዎች የተጻፉትን። ባለቤቴ ኦርቪል «በሁሉም ውስጥ አንዲት መበለት አለች፣ መጨረሻ ላይ ታገባለች» እያለ ያሾፍብናል። ያሹፍ። እኔ ግን ከስንት ስብከት ይልቅ በእነሱ ተጽናንቻለሁ። ሰዎቹ እግዚአብሔርን ያኮርፉታል፣ ይሞግቱታል፣ መልሰው ደግሞ ይለምኑታል።

የመጨረሻው መጽሐፍ ኤባ ስለምትባል ስዊድናዊት ነበር። ኤባ በባል የተነሳ ከእናቷ ተጣልታ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች፤ ዓመታት ቆይታ በበረዶ ስትመለስ እናቷ ከተቀበረች ሦስት ቀን ሆኗታል። ይህን መጨረሻ ቀድሜ ገልጬ አየሁት። እማዬ ከዱዌይን ጋር ከሄድሽ ጀምሮ ስምሽን አትጠራም፤ የፖስታ መኪናውን ድምፅ ግን ከሩቅ ትለይ ነበር። ስለዚህ ዋሸሁ። እናትየው ሊጥ በእጇ እንደያዘች በሩን ትከፍታለች ብዬ፣ ከሌለበት ገጽ አነበብኩላት።

እማዬም «ደራሲዋ ልበ ደግ ናት፤ እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ስደግመው ሊጡን ዘለልኩት። «አይ ማርሊስ፣ ቅድም እጇ ላይ ሊጥ ነበር» ብላ አረመችኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ በየጊዜው ጉንጯ ይረጥባል።

ከቀብሩ ማግስት መጽሐፉን ልመልስ ሄድኩ። የእኛን ሴቶች ልማድ ታውቂያለሽ፤ ሽፋኑ ሁሉ ሻሽ ያሰረች ልጅ እየሆነ ስለሚምታታን፣ ያነበብነውን መልሰን እንዳንወስድ አርባኛው ገጽ ግርጌ እያንዳንዳችን በእርሳስ ምልክታችንን እናደርጋለን። የራሴን ላደርግ ብገልጠው የእማዬ ትንሽ ኮከብ እዚያ አለች። ዓይኗ ሳይጠፋ አንብባው ኖሯል። ኤባ እንዳልደረሰች ታውቅ ነበር፣ ጆሊን። እየዋሸሁ መሆኔንም እያወቀች ነው ድገሚልኝ ያለችኝ። እዚያው መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዱዌይንን በስሙ ሰላም በዪልኝ፤ ቂም የለኝም። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ትልቋ አያቷን በፎቶ እንኳ ካላወቀች የላክሁላትን ስጪያት። ኦርቪል ሰላም ብሎሻል። ሽንኩርት እየላጥሁ ነው እያለ ነው የሚያለቅሰው።

መጽሐፉን አልመለስኩትም፤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ካነበብኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ አንብቢው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ብቻሽን እንዳታነቢው፤ ነይና እኔ አነብልሻለሁ። የትኛውን መጨረሻ እንደማነብልሽ ገና አላወቅሁም።

እህትሽ ማርሊስ
ሊንድቪል፣ አይዋ
ማርች 22 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.