ያወቀና የደበቀ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጌሾውን ነቀለው። ሁሉንም፣ ከነሥሩ። ከሥራ ስመለስ የእማዬ ጌሾ መንገድ ዳር ተከምሮ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ አገኘሁት። ጌሾው በነበረበት ቦታ መሠረት ተቆፍሯል። ጥቁሩ የወሰን ድንጋይ፣ ልጅ ሆኜ ተቀምጬበት ፀሐይ የምሞቀው፣ ከቦታው ተነስቶ ሁለት ክንድ ያህል ወደ እኛ ግቢ ገብቷል።

ጎረቤታችን አዳነ ነው። አብረን ያደግን፣ አንድ ክፍል የተማርን አዳነ። ስንት ዓመት ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ካምፕ፣ ለቱሪስት በቅሎ ሲነዳ ኖሮ አሁን የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ተነስቷል። ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ማን ሊያድርበት እንደሆነ እሱ ያውቃል። ቤቱን ጨርሶ ጣሪያውን ቆርቆሮ እያለበሰ ነው፤ አሁን ደግሞ የግቢውን ግንብ ጀመረ። ምን እያደረግህ ነው ብዬ ብጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል "ትርንጎ፣ እኔ ወሰኔን ነው የያዝኩት" አለኝ።

ወሰኔን ይላል እንዴ? ያ ድንጋይ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከዚያ ቦታ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እሱ ቢኖር ኖሮ አዳነ አካፋውን አያነሳም ነበር። ሴቶች ብቻ ያሉበት ቤት ነው ብሎ ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ እንደሆነች "ተይው ልጄ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በገዛ እጇ የተከለችው ጌሾ ነው እኮ። እርጅና ሐሞት ያፈሳል መሰለኝ። እኔ ግን አልተወውም። የማደርገው፦

ማዘጋጃ ቤት መክሰስ።
ለሚስቱ ለሙሉ ሰላምታ መንሣት።
በእድር ስብሰባ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ስሙን ማንሳት።
መሰላሌን መቀበል። ቆርቆሮ የሚመታው በእኔ መሰላል ነው። ባለፈው ሳምንት ሊዋስ ሲመጣ ምላሱ ማር ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከሥራ አስፈቅጄ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ካርታችንን ዘርግቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ ስፋቱ በግምት ነው የተጻፈው፣ ድንጋዩ የት እንደነበር ካርታው አይናገርም አለኝ። ድንጋዩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አምጪ ብሎ አሰናበተኝ። ከየት ላምጣ? ያንን ዘመን የሚያውቁት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝተዋል። የቀረችው እማዬ ብቻ ናት። ስጠይቃት "ዓይኔ አያይ፣ እግሬ አይሄድ፤ እኔ ምን መሰክራለሁ" አለች። ምላስሽ ደህና ነው አይደል ልላት ነበር። ዋጥኩት።

ግን ዛሬ አንድ ድል አለኝ። ከማዘጋጃ ቤት ስመለስ አዳነ ጣሪያው ላይ ሆኖ ቆርቆሮ ይመታል። መሰላሌን ከግድግዳው አንስቼ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ቤቴ ገባሁ። እሱ መጀመሪያ ልብ አላለም። ቆይቶ መዶሻው ዝም አለ። ሙሉ ከታች ሰፈር መሰላል ተውሳ እስክትመጣ ድረስ እዚያው ቁጭ ብሎ ዋለ። የሊማሊሞ ጉም ዛሬ ቶሎ ወጥቶ ስለሸፈነው ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ሲያስነጥስ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ግንቡ ወገቤ ላይ ደርሷል። ሥራ የሚያውቅ ቢሆን ደግሞ ጥሩ። ከመንገዱ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይመጣና የእማዬ ክፍል ጋ ሲደርስ ድንገት ይታጠፋል፣ ክፍሉን በሩቁ ዞሮ እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳል። የውሻ ጅራት ነው የመሰለው። ሙሉ እንድትሰማ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

መላው የመጣልኝ ሥራ ቦታ ነው፣ መዝገብ ቤት የተማሪ ፋይል ሳደራጅ። ውግዘት። ምስክር ሲጠፋ የአባቶቻችን ዘዴ ይኸው ነበር። ቄስ ያወግዛል፤ የሚያውቅ ፈርቶ ይናገራል፣ የበደለ እንቅልፍ ያጣል። በቀጥታ የንስሐ አባታችን መምሬ ወርቁ ጋ ሄድኩ። አልወደዱትም። "ልጄ፣ ውግዘት አንዴ ከአፍ ከወጣ የማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅም። መጀመሪያ ሽማግሌ እንላክ" አሉ። ሽማግሌ ከገባበት ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል። እኔ የምፈልገው አዳነ ፊቱ ሲገረጣ ማየት ነው። ይህን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። እርስዎ ካላደረጉልኝ ሌላ ቄስ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ድፍረት ነው፤ በንስሐ እናገረዋለሁ።

እሺ ሲሉኝ አንድ ቃል አስጨመርኩ። ወሰን ያፈለሰ ብቻ አይበቃም፣ ያወቀና የደበቀም ይበሉልኝ አልኩ። ይቺ የሙሉ ድርሻ ናት። ባሏ ሲቆፍር በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ተባለ። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ወርቁ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። "የባልንጀራውን መሬት ሊወስድ የወሰን ድንጋይ ያፈለሰ፣ ይህንንም ያወቀና የደበቀ፣ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ የተወገዘ ይሁን።" ሕዝቡ አሜን አለ። ከሁሉም ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ አዳነ ላይ ነበር። አንገቱን ይደፋል ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብሎ ቆሞ አሜን አለ። ከንፈሩን አይቻለሁ። ሙሉም አለች። እንዲህ ያለ ደንዳና ልብ አይቼ አላውቅም።

ለእማዬ ልነግራት ተጣድፌ ገባሁ። ተኝታ በድምፅ ማጉያው ሰምታዋለች። ምሳ አቀረብኩላት፤ አልበላም አለች። ወጡ ጨው በዛበት እንዴ ብላት ሳህኑን በእጇ ገፋችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የአዳነ ግንብ ተናደ። ዛሬ ጠዋት፣ በመንገዱ በኩል ያለው። አሸዋው ነው አሉ፣ ከዳባት ያመጣው አሸዋ አፈር አለበት አሉ። እኔ አሸዋ አላውቅም። ውግዘቱ ደረሰበት እንጂ! ደስታዬን የት ላስቀምጠው። ለእማዬ ሮጬ ነገርኳት፤ ትስቃለች ስል አለቀሰች።

ከእሑድ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አጥሚት ብቻ ቀምሳለች። ዛሬ እሱንም አልነካችም። መምሬ ወርቁ ሊጠይቋት መጥተው መስቀል ቢዘረጉላት አልሳለምም ብላ ተሸፈነች። እማዬ! መስቀል ሳትሳለም ውላ የማታውቅ። መምሬ ወርቁ እኔን ትኩር ብለው አዩኝና ወጡ። ይህም በአዳነ የመጣ ነው። እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ግንቡን በጥርሴ ነው የማፈርሰው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

እማዬ እንደ ነገረችኝ ልጻፈው፤ ነገ ራሴ እንዳልክደው።

"ድንጋዩን ያፈለሰው አባትሽ ነው።"

የአዳነ አባት ለአጨዳ ቆላ ወርደው በነበረ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ በሄደበት። አባቴ ድንጋዩን ተሸክሞ ሁለት ክንድ ወደ እነ አዳነ አገባው። እማዬ እኔን አዝላ መንገድ ትጠብቅ ነበር። ድንጋዩ የተነቀለበት ጉድጓድ እንዳይታይ ጌሾውን ተከለችበት። ባገኙት መሬት ላይ ደግሞ ይህንን አሁን የተኛችበትን ክፍል ቀጠሉ።

"ያወቀና የደበቀ ሲሉ እኔን ነው የጠሩኝ፣ ልጄ። አባትሽንም በመቃብሩ።"

ያንን ቃል ያስጨመርኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ ሲባል እሰማ ነበር፤ በእኔ ግን የባሰ ሆነ፣ አባቴን ከሞተ በኋላ አስወገዝኩት። አሜን ስል ድምፄ ከሁሉም በላይ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እኔም አውቃለሁ። ዝም ካልኩ እኔም ገባሁበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ንግሥ ነው። ሰው ነጭ ለብሶ ሲያልፍ እኔ ጓሮ ጎንበስ ብዬ መሬት በክንድ እለካለሁ። ጌሾው ከነበረበት ቀጥታ ወደ ኋላ ብንሄድ የእማዬ ክፍል አንድ ትልቅ እርምጃ ያህል የአዳነ መሬት ውስጥ ነው። አልጋዋ ራሱ የአዳነ መሬት ላይ ነው።

ግንቡ ለምን እንደታጠፈ ያኔ ገባኝ። እንደ ውሻ ጅራት ብዬ የሳቅሁበት።

ያውቃል። ሁሉንም ያውቃል። ይህ ያባሰብኝ እንጂ ያበረደልኝ አይደለም። ክፍሉን ቢያፈርሰው ይሻለኝ ነበር፤ በደንብ እጠላው ነበር። ዝም ብሎ ደግ ሆኖ ሲጠብቀኝ ምን ላድርገው? ዝም ልበል ብዬም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። እሱ እስካሁን አልተናገረ፣ እኔ ለምን እናገራለሁ? ግን እማዬ አልበላችም። ጉንጯ ገብቷል።

ንግሡ ሲያበቃ መምሬ ወርቁ ጋ ሄድኩ። ነግሬሽ ነበር አላሉኝም። ውግዘቱን እፈታለሁ፣ ግን አስቀድሞ ባለመሬቱ ይቅር ይበል አሉ። "ድንጋይ ተሸክመሽ ሂጂ፣ ጾሙ ሳይገባ።"

"ለአዳነ?" አልኩ።

"ለአዳነ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 13

አልሄድኩም። ሙሉ በር ላይ ነበረች። እማዬ ውኃ ጠጣች፣ ሌላ ምንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሌላ ድንጋይ አልፈለግሁም። ጥቁሩን የወሰን ድንጋይ ራሱን መምሬ ወርቁ አንስተው አንገቴ ላይ ጫኑልኝ። አባቴ በዚያች ቅዳሜ ምን ያህል እንደለፋ አወቅሁ።

አዳነ የተናደውን እየጠገነ ነበር። ሙሉ አየችኝና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጎንበስ ብዬ፣ ጫማውን እያየሁ፣ ስለ ሚካኤል ይቅር በለን አልኩት። አባቴ ያደረገውን፣ እማዬ የደበቀችውን፣ እኔ ያስጨመርኩትን ቃል ሁሉንም ተናገርኩ። እሱ አንድ ድንጋይ አነሳ፣ ሲሚንቶ ለቀለቀ፣ አስቀመጠ። ሌላ አነሳ። መምሬ ወርቁ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መደዳውን እስኪጨርስ አላወረደልኝም። ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ ሰባት ድንጋይ ነው የደረደረው። አልፈርድበትም ልል ነበር፤ ግን እፈርድበታለሁ።

ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ድንጋዩን አወረደልኝ።

"አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል" አለ። "እናትሽ በሕይወት እስካሉ ክፍላቸውን እንዳልነካ አስምሎኛል። እንዳላሳፍራቸው ነው ዝም ያልኩሽ። አንቺ ግን ጣሪያ ላይ ጥለሽኝ ሄድሽ።"

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

"በይ ይቅር ለእግዚአብሔር። መሰላሉን አምጪ።"

መምሬ ወርቁ ውግዘቱን ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይፈቱታል። በድምፅ ማጉያው፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ። ለአባቴም ጸሎት ያደርጉለታል። እማዬ መስቀል ተሳለመች። አጥሚቱን እስከ ግማሽ ጠጣች። "አወረደልሽ?" አለችኝ። አወረደልኝ አልኳት። አሥራ ሰባቱን አልነገርኳትም። እናትሽ በሕይወት እስካሉ ያለውንም አልነገርኳትም። ከእሷ በኋላ ክፍሉ ምን እንደሚሆን እሱ አላለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አንገቴ አልዞር ብሎኛል። መሰላሉ በረንዳው ላይ ተደግፎ ከዚህ ይታየኛል። ሰኞ እወስድለታለሁ። እሱም ትንሽ ይጠብቅ።