እህቴን ከሰልፍ አውጥተው ግብ ስላስተማሩልኝ

ለተከበሩ አቶ ገበየሁ፣
በጅዳ የወገን ራዕይ የሥልጠና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

አላህ ጤናዎን ይስጥልን፣ ድምፅ ማጉያዎንም ከብልሽት ይጠብቅልን እያልሁ፣ እኔ በመካ ጀርወል በአንድ ሆቴል ሳህን የማጥበው ተማም፣ ለታናሽ እህቴ ለሳሊማ ስላደረጉላት ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነስቻለሁ።

አንደኛ፦ ሳሊማ ጅዳ ኦብሑር ሰፈር ካለው የአሠሪ ማዳሟ ቤት ፓስፖርቷን ሳትይዝ የወጣች ናት። ወረቀት የሌለው ያለ ቅጣት እንዲወጣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የመውጫ ወረቀት በሚሰጥበት መስኮት ተሰልፋ ከፊቷ ስድስት ሰው ብቻ እንደቀራት፣ ኮሚቴዎ መጥቶ የሠለጠነ ሰው ቅድሚያ ያገኛል ብሎ ወደ አዳራሽ ወሰዳት። እንግዶች ፎቶ ሊያነሱ ስለነበር ባዶ ወንበር እንዳይታይ መጨነቅዎን ከልብ አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፦ ለትልልቅ ሰዎች ግብ አወጣጥን ማስተማር ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። ግብ ግልጽ፣ የሚለካና ቀን የተቆረጠለት ይሁን ብለው አስተማሩ፤ እህቴም ቃልዎን አክብራ «እስከ ነገ የመውጫ ወረቀት መያዝ» ብላ ጻፈች። እርስዎ ግን ለተሰብሳቢው ጮክ ብለው ካነበቡላት በኋላ፣ «እህቴ፣ ይሄ ችግር እንጂ ግብ አይደለም፤ ትልቅ አስቢ» ብለው ሰረዙና በአምስት ዓመት የሚከፈት የልብስ ሱቅ ጻፉላት። ጭብጨባው አልቆ ስትመለስ መስኮቱ ኸላስ፣ ተዘግቷል። በማግስቱም ተራው ሳይደርሳት ምሕረቱ አለቀ።

ሦስተኛ፦ በሳምንቱ ሰቢል ሰፈር ላይ ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሲጠይቃት ከእርስዎ የሥልጠና ምስክር ወረቀት በቀር የምታሳየው አልነበራትም። ፖሊሱ አገላብጦ አየና ወረቀቱን መለሰላት፤ እሷን ግን ወሰዳት።

ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር አቃተኝ። ሃያ ሦስት ቀን ታስራ ስትቆይ፣ እኔም ትኑር ትሙት ሳላውቅ ሳህን አጥብ ነበር። እሷ ግን ወደ አገር የምትመለስበት ቀን እንደተነገራት፣ አብረዋት የታሰሩ፣ ስልካቸውን የተቀሙ የአሥራ አራት ሴቶችን የቤተሰብ ቁጥር በዚያው የምስክር ወረቀት ጀርባ በኩል ጻፈች። አዲስ አበባ እንደወረደች የመንገደኛ ስልክ እየለመነች በሁለት ቀን አሥራ ሦስቱን ቤተሰብ አገኘች። የአሥራ አራተኛዋ እስረኛ፣ የካሰች፣ እናት ስልክ አልሠራ ስላላት ወሎ መርሳ ድረስ ሄዳ ቤታቸውን እየጠየቀች ደረሰች።

«ተሜ፣ እናትየዋን ልጅዎ በሕይወት አለች ስላቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ» አለችኝ በስልክ። «እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ግብ ይሁን ችግር፣ ሲመችዎ ይመርምሩልን።

ወንበር በመሙላት ያገለገለችዎ ሴት ወንድም፣
ተማም፣ ከጀርወል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የካሰች እናት ቁጥሩ በተጻፈበት ወረቀት ላይ የኮሚቴውን ማህተምና ስምዎን ስላዩ፣ ሳሊማን የላካት የእርስዎ ኮሚቴ ይመስላቸዋል፤ ኮሚቴ የሚቋቋመው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው ብለው ያምናሉና። በየእሑዱም ቤተ ክርስቲያን ቆመው ስምዎን እየጠሩ ይጸልዩልዎታል። እህቴ እውነቱን ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን ተይ፣ ጸሎቱ ለሰውየው ያስፈልገዋል ብዬ ከለከልኳት።