ዕቃ ሳጥብ የማንጎራጉረው

ይድረስ ለእህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የቺካጎ ብርድ ጉልበትሽን አልጎዳውም? የእኔ ጉልበት ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የምትጽፍልኝ የፓስተሩ ሚስት ነበረች፤ "ሁላችንም ደህና ነን" ብቻ የሚሉት ለዚህ ነው። ለእሷ ሌላ ምን ብዬ ላስጽፋት? በስተርጅና ፊደል ስቆጥር የሳቁብኝ ሁሉ ይሳቁ።

ልጅሽ ሎቪ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመልሳለች። "ልጅሽ" ያልኩት እንዲቆጭሽ ነው። ባቡር ተሳፍረሽ ስትሄጂ የተውሽልኝ እሷንና ያንን ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ሳህንሽን ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስትመጣ ፈራሁ። በረንዳው ላይ ጊታሯን ይዛ ስትጫወት ጣቶቿ ከፍጥነታቸው የተነሳ አይታዩም፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመስለው። ልቤን ግን አልነካኝም። እኔ ያሳደግኳት "አታልቅሺ፣ ሥራ አለብን" እያልኩ ነው። አድርቄያት ይሆን እንዴ? እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሽማግሌው ቲኦቲስ ጓሮ አምባዛ ዓሣ ይጠበስ ነበር። ታውቂዋለሽ፤ ጣቶቹ እስኪቆለመሙ ድረስ በጊታሩ ብሉዝ ተጫውቷል፤ ምላሱ ግን እስከ ዛሬ አልተቆለመመም። ሎቪ መጫወት ጀመረች፤ ሰዉም መብላቱን ቀጠለ። መሃል ላይ ቲኦቲስ ጮክ ብሎ "የኔ ልጅ፣ ፖሊስ እያባረረሽ ነው እንዴ? ቀስ በይ እንጂ፣ አሳው እሾህ አለው!" አላት። ጓሮው በሳቅ ተሞላ። አልበቃው ብሎ "ስሜት እንደሆነ ትምህርት ቤት አይሸጥም!" አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

እሷ ምንም አልመሰላት። "እሺ ጋሼ፣ እሾሁን ላውጣልዎት" ብላ የጊታሩን ክሮች አላላች። የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት ጣቷ ላይ አጥልቃ፣ ክሩ ላይ እያንሸራተተችው ቀስ ብላ ጀመረች። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ኋላ ደረቴን መታኝ፤ እኔ ዕቃ ሳጥብ የማንጎራጉረው ነው! ቃል የለውም፤ ሰው ይሰማኛል ብዬም አስቤ አላውቅም። ድምፄ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ጊታሩ ቃተተ። ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ ዝም አለ። ሰዉ ማኘኩን ተወ። ቲኦቲስ ባርኔጣውን አውልቆ "ይሄንንስ ማን አስተማረሽ?" ሲላት በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ወደ ቤት ስንመለስ ተቆጣኋት። "ለቅሶዬን ሰረቅሽኝ?" አልኳት። "ተማርኩት እንጂ አልሰረቅኩም። ድምፅሽ ከምቱ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚገባ ስለካ ነው የከረምኩት። ጣቴ ፈጣን ባይሆን አውቄ መዘግየት አልችልም ነበር" አለችኝ። "ደግሞ ለቅሶ ይለካል?" ብላት "ለካሁት እንጂ አልቀነስኩትም፣ አክስቴ" አለች።

ያን ጊዜ አልተዋጠልኝም። አሁን ይህን ወረቀት ፊቴ ሳደርግ ነው የገባኝ። ልቤ ድሮም ሙሉ ነበር፤ ፊደል ስላልነበረኝ ግን አንቺ ዘንድ የደረሰ አንድ ቃል የለም።

ልጅቷ አልደረቀችም። እፎይ ብያለሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ራቴን የበላሁ ያህል ጠግቤ ተኛሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። "ዜማው ስለ ማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስለ ዕቃ ማጠብ ነዋ!" አልኳት። ሳቀችብኝ። "እሱን የምታንጎራጉሪው ሰማያዊውን ሳህን ስታጥቢ ብቻ ነው። ማንም የማይበላበትን ሳህን ለምንድነው ሁልጊዜ የምታጥቢው?" አለችኝ። "ሂጂ ተኚ" አልኳት። አንቺም እንዳትጠይቂኝ።

ጥጡ ሲፈነዳ ቲኦቲስ እንደገና አምባዛ ይጠብሳል፤ ሎቪም ትጫወታለች። ባቡሩ ዛሬም እዚህ ይቆማል። ሳህኑም ንጹህ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለመንገድም ያብቃሽ።

ታላቅ እህትሽ