ቀለሙ ተፍቆ ሙጫው ይታይ

ለበረራ ደኅንነት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ

ቀን፦ መጋቢት 12

ጉዳዩ፦ ታናሹ ልጄ የሚያበራት ጋይሮፕሌን ክንፎቿ በሚገባ ሳይመረመሩ እንዳትነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት፤ የሟቹ ልጄ ሚስት። ቃሉ ግን የኔ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ግንበኛ ነበርኩ፣ ፊደል አልቆጠርኩም። «አባባ፣ ለቢሮ እንዲህ አይባልም፣ ላለስልሰው» ብትለኝ፣ ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። ቃሌ ከሻከረ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

1. ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ለእርሻ መድኃኒት የሚረጩ አብራሪዎች ናቸው እል ነበር። ታላቁ አሁን «ነበር» ሆኗል። የሚያበሩት ጋይሮፕሌን የሚሏትን ነው፤ ከአናቷ ላይ ነፋስ የሚያሽከረክራቸው ሁለት ረጃጅም ክንፎች ያሏት ትንሽ አውሮፕላን ናት። የቀጠራቸው ድርጅት ሁለት ነበሩት። የሁለቱም ክንፎች አብረው የተገዙ፣ አብረው ያረጁ ናቸው።

2. የክንፎቹ ቆርቆሮ ከውስጥ አጥንቱ ጋር የተያያዘው በብሎን ሳይሆን በሙጫ ነው። ሙጫ ደግሞ እንደ ሰው ያረጃል፤ ፀሐይና እርጥበት ይበሉታል። ይህን የነገረኝ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የድርጅቱ መካኒክ ነው። ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ ነገረኝ።

3. እዚያ ጋይሮፕሌኖቹ በሚያድሩበት ሃንጋር ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ክንፎቹ ይታጠባሉ፣ የተሰነጠቀው በስቱኮ ይሞላል፣ ከዚያ አዲስ ቀለም ይቀባሉ። ተንኮል አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደ ማጽዳት ነው፤ ለእናንተ ክብር ብለው ነው። ነገር ግን ሙጫው መልቀቅ ሲጀምር የሚያስታውቀው መጋጠሚያው ላይ በምትወጣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ነው። እነሱ እሷን ሸፍነው ያቀርባሉ፤ የእናንተ ሰው የሚያብረቀርቅ ክንፍ አይቶ ይፈርማል።

4. ታላቁ ልጄ የወደቀው በተፈረመ በሳምንቱ ነው። የአንዱ ክንፍ ቆርቆሮ አየር ላይ ተላጠ። ቁራጩ ከስብርባሪው ርቆ እርሻ መሀል ተገኘ፤ ፖሊስ ከመውሰዱ በፊት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። በአንድ ፊቱ አዲስ ነጭ ቀለም ነው። በሌላው ፊት የነበረው ሙጫ ጣቴ ላይ እንደ ዱቄት ረገፈ። የእናንተ ወረቀት «የአብራሪው ስህተት» ይላል። ልጄ ስህተት አጥቶት አያውቅም፣ ሚስቱ ትመስክር። ይህኛው ግን የእሱ አይደለም።

5. የቀረችውን ጋይሮፕሌን የሚያበራት ታናሹ ነው። ርጭት ሰኞ ይጀምራል። እሷም ሰሞኑን ተቀብታ፣ ታይታ፣ ተፈርሞላታል። ተው ብዬ ብነግረው፣ አንተ ስለ ግንብ እንጂ ስለ አውሮፕላን ምን ታውቃለህ አለኝ። ልስን ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም አልኩት። «አባዬ፣ አልነሣም ብል ወንድሙ ሞቶ ፈራ ይሉኛል» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እሱ አልበርም ማለት አይችልም። እርስዎ ግን አትበርም ማለት ይችላሉ።

ልመና አልለመድኩም፤ ይህን ግን እለምናለሁ። የክንፎቹ ቀለምና ስቱኮ ተፍቆ መጋጠሚያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታይ። ቆርቆሮው በሳንቲም መታ መታ ይደረግ፤ መካኒኩ እንዳለኝ የተጣበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው ድምፁ የታፈነ ነው። የለቀቀ ከተገኘ ክንፉ ይጣል እንጂ አይለጠፍ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ጋይሮፕሌኗ ከሃንጋር አትውጣ። ወደፊትም ምርመራ ሳይደረግ ክንፍ መቀባት ይከልከል።

«የአብራሪው ስህተት» የሚለው ቃል እንዲነሣ ሌላ ቀን እመጣለሁ። የሞተ ሰው አይቸኩልም። ሰኞ ግን ይደርሳል።

እጅ ነስቼ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሁለቱ አብራሪዎች አባት
(የአውራ ጣት አሻራ)

በይ ልጄ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ በሩንም ክፈቺው። ታናሹ በረንዳ ላይ ጫማውን እየጠረገ የማይሰማ መስሏል። ይስማ።