ወንድ የማይገባበት ጓሮ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975። ከምሳ በኋላ

7ኛ ለ። ምንባብ ዘጠኝ፣ «አውድማ ላይ»። ዘንድሮም አውድማ። መንሽ፣ ላይዳ፣ ገለባ፣ እብቅ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ያየኛል። አንዱ እጁን አወጣና ላይዳ ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። ሰሌዳው ላይ ሣልኩለት። ማንኪያ መሰለ። ሳቁብኝ።

ስሚኝማ አንቺ ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ስድስት ዓመት ስለ አውድማ ሳስተምር አንድ ቀን አውድማ ላይ ቆሜ አላውቅም። ይርጋ ጨፌ፣ እንሰትና ቡና ውስጥ ተወልጄ፣ ከሚሲዮን ት/ቤት ወደ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ወዲህ አዋሳ። በሬ ሲያበራይ ያየሁት በሥዕል ነው። ግን ቃሉን ሁሉ እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ፣ ከፈተና ደብተሬ ላይ አንድም አልጎደለም። አሁን ደግሞ እነሱን አሸመድዳለሁ። ከታቦርና ከቡሹሎ፣ ከእንሰት ጓሮ ለሚመጡ ልጆች!

በንዴት የቤት ሥራ ሰጠሁ። በመጽሐፋችሁ ውስጥ ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ሰው ጻፉልኝ፣ አንድ ገጽ። ደወል ተደወለ። ምን ነክቶኝ ነው? ለትምህርት ክፍሉ እንኳ አላስፈቀድኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8። ማታ

የቤት ሥራውን ሳርም ዋልኩ። አጎቴ ሾፌሩ፣ ወንድሜ ወታደሩ፣ ሌላ አጎት ሾፌር። አንድ ልጅ ስለ አባ ኮዳ ጽፏል፤ ሰው አልኩ እንጂ ወፍ አላልኩም። ቢሆንም ደህና ጽፏል፣ ማርክ ሰጠሁት።

ከዚያ አንድ ወረቀት ሳነሣ ሎሚ ሸተተኝ። ስሙን ሳላይ የማን እንደሆነ አወቅሁ። የቡሹሎዋ ርብቃ ሌዳሞ። የምትቀመጠው መጨረሻ ወንበር፣ እጇ ሁልጊዜ ከጠረጴዛ በታች። ሰኞ ሰኞ ከኋላዋ «ቆጮ ሸተተ» የሚል አይጠፋም። እሑድ እናቷን ስታግዝ ውላ፣ ሽታው እንዲጠፋ በሎሚ ታሽታ ትመጣለች። አውቀዋለሁ። እኔም ከእናቴ ቤት ስመለስ ዲላ ላይ በአውቶቡሱ መስኮት ሎሚ ገዝቼ ነው የምታሸው፣ እስከ ዛሬ።

የጻፈችው ስለ እናቷና ስለ ጎረቤት ሴቶች ነው። እንሰት ሲፍቁ። መሬት ተቀምጠው፣ አንድ እግር ሽቅብ፣ በተረከዝ ግንዱን ጣውላው ላይ ጨቁነው፣ በቀርከሃ ወደ ታች። ቀኑን ሙሉ። የእናቷ የቀኝ ተረከዝ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ገበያ ስትሄድ በዚያ በኩል ታነክሳለች። ሲፋቅ ወንድ እዚያ አይደርስም፣ ነውር ነው። አባቷ በጓሮ ማለፍ ካለበት ከሩቅ ያስላል። ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ካለፈ በኋላ ይስቃሉ፤ ስለ ባሎቻቸው የሚያወሩት እዚያ ብቻ ነው። የሚያወሩትንም ጽፋለች፣ አይ ርብቃ! ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ስድስት ዓመት ይህችን ሴት በመጽሐፍ ውስጥ አጥቻት ኖሯል። ማጣቴንም አላወቅሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

የትምህርት ክፍል ስብሰባ፣ የሌላ ትምህርት መምህራንም ተጠርተዋል። ት/ቤቱ በማባዣ የሚያወጣው ተጨማሪ ምንባብ ይመረጥ ተባለ። የርብቃን አነበብኩላቸው። የባሎቹን ወሬ ጭምር! ምላሴ አስቸኮለኝ።

ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ከኔ በቀር። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ጌታነህ፣ የጎጃም ሰው፣ ቀልድ አዋቂ፣ ልጅቷ ትጽፋለች አሉ። ግን ምንባብ ሁሉ ጉዳዩን የሚያውቅ መምህር አይቶ ይፈርምበታል፣ ደንብ ነው። ማን ይፈርም? ዓይን ሁሉ ወደ አቶ ሃሜሶ ዞረ። የጂኦግራፊ መምህራችን፣ ሲዳማ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ስንት ጊዜ የእንሰት አገር ካርታ የሣሉ። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ፦

«ሃምሳ ዓመት በልቼዋለሁ። አንድ ቀን ሲፋቅ አላየሁም።»

የሳቀ የለም። ለባለቤታቸው እንዲያነቡላት ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። አንድ የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪ ስለ ፊውዳሉ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት አለ። እሺ እናያለን አልኩ። አናይም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ርብቃ ትናንት አልመጣችም። ዛሬም የለችም።

የሰፈሯን ልጅ ጠየቅሁ። ለምኛት ነገረችኝ። የአቶ ሃሜሶ ባለቤት የቡሹሎ ዘመድ አላት። ወሬው ከገበያ ቀድሞ ደርሷል። የሌዳሞ ልጅ የሴቶችን ጓሮ አውጥታ ለወንድ መምህራን አነበበች ተብሎ። እናቷ ሰው ፊት መውጣት አቃታት። ት/ቤት ይህን ካስተማረሽ ይበቃሻል ብላ አስቀረቻት። ለዘንድሮ አይደለም፣ ለሁልጊዜ።

እሷ መቼ አነበበች? ያነበብኩት እኔ። ልጅቷ የጻፈችው ለኔ ነበር፣ ለአንድ ሴት።

ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው በየቤቱ ቀስ ብለን ነው፤ ዛሬ ግን ድምፄን መቆጣጠር አቃተኝ። አከራዬ ድምፄ ውጭ እንዳይሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉልኝ። ሙስሊም ናቸው፣ ነጋዴ፣ አንድ ቀን ምን ሆነሻል ብለውኝ አያውቁም፤ ዝም ብለው ሬዲዮን ከፍ ያደርጋሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18። ከቡሹሎ መልስ

እጄን ተይው፣ እስክሪብቶ መያዝ አልቻለም። ግን ዛሬ ካልጻፍኩ አይሆንም።

ግማሹን በጋሪ፣ የቀረውን በእግር። ቤቱ ስደርስ ሰው የለም። ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ፣ የቀርከሃው ሸርተት ሸርተት፣ ወሬ፣ ሳቅ። ወደ እንሰቱ ገባሁ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አሳልኩ። ጮክ ብዬ፣ እንደ አባወራ፣ ሁለቴ።

ጸጥ። ቀርከሃው ቆመ። አንዲቷ ቀሚሷን ስትጎትት በቅጠሉ መሃል ታየችኝ። ከዚያ ብቅ ስል፣ ቦርሳ ያንጠለጠልኩ፣ ባለ ሹራብ ሴት። ተያዩ። አንዷ ፈነዳች። ከዚያ ሁሉም። መሬት ላይ ተንከባለሉ ብልሽ አላጋነንኩም። የርብቃ እናት ብቻ አልሳቀችም። ጠይም፣ ረጅም፣ እጇ እስከ ክርን ነጭ። ርብቃ ከጎኗ አቀርቅራለች።

ሴት ሆነሽ ለምን ታስያለሽ አለችኝ በሲዳምኛ። ጌዴኦኛና ሲዳምኛ ዘመድ ናቸው፣ ገባኝ። የማውቀው ማሳሉን ብቻ ነው አልኳት። እውነቴን ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ዘንድ ወደ እንሰቱ ስሮጥ ታባርረኝ ነበር። ያንቺ እጅ ለእስክሪብቶ ነው፣ ሂጂ አጥኚ። አንድ ቀን እንኳ አላስገባችኝም። ስለዚህ ስለዚያ ጓሮ የማውቀው አባቴና ወንድሞቼ የሚያውቁትን ያህል ነው፤ ሲያልፉ ማሳል።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ቅጠል በተረከዟ ጠረግ አደረገችልኝ።

ተቀመጥኩ። ቀርከሃውን ሰጡኝ። እግሬ ግንዱን አይዝም፣ ያንሸራትተኛል። አንዲት አሮጊት፣ «መምህርት እንዲህ ከሆነች ተማሪው እንዴት ይሆን» አሉ፣ ደግመው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እንዲህ የተሳቀብኝና ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ከዚያ ይቅርታ ጠየቅሁ። የወጣው በኔ አፍ ነው፣ ልጅሽ ለኔ ብቻ ነው የጻፈችው አልኩ። ወረቀቱ ቃል በቃል በልቤ ነበር፤ በአማርኛ አልኩት፣ ርብቃ በሲዳምኛ ተከተለችኝ። ተረከዙ ጋ ስትደርስ እናቷ እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ሰበሰበች። የባሎቹ ወሬ ጋ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ሲያልቅ አሮጊቷ ድገሚው አሏት። ደገመች።

ተማከሩ። በመጨረሻ የርብቃ እናት ተናገረች። የባሎቹ ወሬ ይውጣ፣ እሱ የኛ ነው። የቀረው ይነበብ። ግን ሴት ልጆቹ አያንብቡት፣ እነሱ ያውቁታል።

«ወንዶቹ ያንብቡት። ድምፅ አውጥተው።»

ርብቃስ አልኳት። ሰኞ ትመጣለች አለች፣ ወደ ሥራዋ እየዞረች። ወገቤ ተቆርጧል፣ ጣቴ ተልጧል፣ መንገዱን ሁሉ እየዘመርኩ መጣሁ። ባለ ጋሪው ሠርግ ነበረሽ እንዴ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

መጣች! ትናንት በሁለተኛው ደወል። ጠመኔ እንድታመጣልኝ ላክኋት። ስትመለስ ፈገግ አለች።

አቶ ሃሜሶ ወረቀቱን መለሱ። ከፊርማቸው በላይ ሌላ ፊርማ፣ በትልልቅ ፊደል፣ መስመሩን የሳተ። የባለቤታቸው ነው። በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠረችው። የምታውቀው እሷ ናት፣ እሷ ትፈርም፣ እኔ ምስክር ነኝ አሉ። ወሬው በቤታቸው በኩል በመውጣቱ አፍረዋል። ሲነበብላት ምን አለች ብዬ ጠየቅኋቸው። ማታ እግሯን ውኃ ውስጥ ስትዘፈዝፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁ አሉኝ። መነጽራቸውን ጠረጉ።

ለአቶ ጌታነህ የላይዳዬን ጉድ ነገርኳቸው። እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ያንን ማንኪያ እኔ ራሴ አየዋለሁ ብለው አምስተኛ ክ/ጊዜ ክፍሌ መጡ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፣ ስድስት ልጅ በሬ አደረጉ፣ እየዘፈኑ አስዞሯቸው። አቧራው! አባታቸው አውድማ ላይ የሚሉትን እየነገሩን ድምፃቸው ተለወጠ። ለካ እሳቸውም አገር ይናፍቃቸዋል። ልጆቹ አሁን አውድማ ያውቃሉ። እኔም አወቅሁ። ለካ ምንባቡ ደግ ኖሯል፤ ብቻውን መሆኑ ነው የከፋው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1። ማታ

ተባዝቶ ወጣ። ቀለሙ ገና እጅ ይነካል። ርእስ «የእናቴ ተረከዝ»፣ ከሥሩ ርብቃ ሌዳሞ፣ 7ኛ ለ። የልጅቷ ስም በታተመ ወረቀት ላይ! ጽሑፉ ስለ ፊውዳሉ ምንም አይልም።

ወንዶች ብቻ ያንብቡ አልኩ። ማጉረምረም። ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ የጽሑፉ ባለቤቶች ያዘዙት ነው። አንድ በአንድ ተነሡ። የመጀመሪያው ተንተባተበ፣ ሁለተኛው እየሳቀ ጀመረና ሳቁ መሃል ላይ ጠፋ። ሦስተኛው ዳንኤል ነው፣ ሰኞ ሰኞ ከርብቃ ኋላ ሆኖ አፍንጫውን የሚይዘው። ማነከሷ ጋ ደረሰ። ቆመ። ቀጥል አልኩት። የኔም እናት በቀኝ ነው የምታነክሰው አለ። ከልደቷ ይመስለኝ ነበር አለ። ተቀመጠ፣ ቀሪውን ሌላ ልጅ ጨረሰው።

ሁሉም መልአክ ሆነ አልልሽም። ስንወጣ አንድ ቀልደኛ ዛሬ ወረቀቱም ሸተተ ሲል ሰምቻለሁ። ዳንኤል ግን አብሮ አልሳቀም። ርብቃ ወረቀቷን አጥፋ በደረቷ ይዛ ወጣች፤ ለእናቷ ልታነብላት ነው። በአጠገቤ ስታልፍ ያው ሎሚ ሸተተኝ። ቅር አለኝ። ግን በማን ላይ? የኔ ቦርሳስ ውስጥ ምን አለ?

አመሰግናለሁ። ለማን እንደምለው አላውቅም፣ ለሁሉም። ለአሮጊቷ ሳቅ፣ ለዚያች መስመር ለሳተች ፊርማ፣ ለጎጃም በሬዎች። ከሁሉ በላይ እሷን፣ እናቴን። እጄን ለእስክሪብቶ ብላ ስታባርረኝ ያንን ሁሉ ግንድ ብቻዋን ነበር የምትፍቀው። አግዣት ቢሆን ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር። ይህን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። በየትኛው እግሯ እንደምታነክስም አላውቅም።

ወሰንኩ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ይርጋ ጨፌ። አንድ ቅጂ ይዣለሁ፣ ማንበብ አትችልም፣ በጌዴኦኛ አነብላታለሁ። የሚነበበው ግን እንሰቱ ውስጥ ነው። ሂጂ አጥኚ ካለችኝ ጨርሻለሁ እማዬ እላታለሁ፤ ሳላስል እገባለሁ፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እሑድን ሙሉ እፍቃለሁ።

ማታ ስመለስ አውቶቡሱ ዲላ ይቆማል። ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው በመስኮት ይዘረጋሉ። ሰኞ 7ኛ ለ ስገባ እጄ ይሸታል። ሎሚ አልገዛም።