ከካላንደሩ የቀደድኩት ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለተውፊቅ፣ ከባሕር ማዶ፣ ማዛራ ወደብ።

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንተ ላይ ይሁን። እንደምን አለህልኝ? ሪም እንደምን ናት? ልጆቹስ ቁመታቸው እናታቸውን ሊደርስ ነው ወይስ ገና ነው? እጅህስ እንዴት ሆነልህ፤ ጣቶችህ መታጠፍ ጀመሩ ወይስ አሁንም ማንኪያ የምትይዘው በግራህ ነው? ወደ ጀልባው ተመለስክ ወይስ አሠሪዎችህ ገና መረብ እየጠገንክ ወደብ ላይ ተቀመጥ እንዳሉህ ነው? እኛ ሁላችን አላህ ይመስገን ደህና ነን። በሌላ ጊዜ «ከናፍቆትህ በስተቀር» ብዬ ነበር የምጽፍልህ፤ ዘንድሮ ግን ከሙቀቱም በስተቀር ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ልብህን ላሳርፈው። እማ ደህና ናት። ይህን ስጽፍልህ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ልጣጩን ደብዳቤው ላይ እየጣለች ታስቸግረኛለች። ነገር ግን ትእዛዝህን አልጠበቅኩም፤ ባሕር ወስጃታለሁ። ከመሄዳችን በፊት በስልክ ላማክርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንዴ አንተ ጮህክ፣ አንዴ እኔ አለቀስኩ። ደብዳቤ ግን አያቋርጠኝም። ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ እንደ ልብህ ተቆጣ።

ቃይራዋንን ዘንድሮ ብታያት አታውቃትም። አርባ ስምንት ዲግሪ ገባ ሲባል ባሌ ላሚን «ሁለቱን እንዳንደነግጥ ቀንሰውልን ነው» ይላል፤ መንገዱ ሁሉም እንደሱ ነው የሚያወራው። ገበያው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል። መስኮቱን ፀሐይ ሳትወጣ ዘግተን፣ ወለሉን ከጉድጓዱ ውኃ እየረጨን እንውላለን፤ የጉድጓዱም ውኃ እንደ ድሮው ጥርስ የሚያነዝር አይደለም፣ ለብ ብሏል። ድመቷ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ተጋድማ፣ ማንም ሲያባርራት አትነሣም። ከሁሉ የከፋው መብራቱ ነው። ልክ በስድስት ሰዓት ይጠፋና እስከ አስር ሰዓት አይመጣም፤ ማራገቢያው ቀጥ ይላል፣ እኛም አብረነው ቀጥ እንላለን።

ምንጣፍ ሻጩን ሲ ሐማዲን ታስታውሰዋለህ፤ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ያለውን፣ በልጅነትህ ኳስህን የቀማህን። እንደ ሰማኸው፣ ባሕር ከመውረዳችን በፊት በነበረው ቅዳሜ መብራት በጠፋበት ሰዓት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ልጁ ውኃ ልትቀዳለት ጓዳ ገብታ እስክትመለስ ነው። ቀብሩ እንኳ ፀሐይ እስክትበርድ ተጠበቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እማ ወንበሯ ላይ ሸለብ ባደረጋት ቁጥር እየተነሣሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ልቧም ደካማ ነው፤ ያቺ ለልቧ የምትውጣት ኪኒን ደግሞ ውኃዋን ትጨርስባታለች።

እሷ ግን የምታወራው ስለ ኪኒን አልነበረም፤ ስለ አውሱ ነበር። አባ አውሱ የሚገባበትን ቀን እንዴት እንደሚጠብቀው አንተም አትረሳውም። አውሱ የሚባሉት የበጋው አርባ የሐሩር ቀናት በገቡበት ጠዋት በዚያች መኪናው ጭኖን ሄርግላ ባሕር ዳርቻ ይወርድ ነበር፤ ሰባት ማዕበል በላያችን ሳያልፍ ቁርስ አይሰጠንም ነበር። የዓመቱ ሕመም እዚያው ውኃው ውስጥ ይቀራል ይል ነበር። አባ ከሞተ ጀምሮ፣ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ከቤታችን የወረደ የለም። ዘንድሮ እማ ነገሩን አነሣችና አልጥለው አለች። አውሱ ሲገባ ባሕር ካላወረዳችሁኝ ወጥ አልቀምስም አለች። እኛ በዚህ ቃጠሎ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይቅርና እስከ ዳቦ ቤቱ መሄድ ፈርተናል።

ለሐኪሟ ነገርኩት። እንዲህ ባለ ቀን አሮጊት ይዞ መንገድ መውጣት እብደት ነው አለኝ፤ በዚያው አፉ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማቆየትም እብደት ነው አለ። ላሚን ሄርግላ የአክስቱ ቤት አለ፣ የባሕሩ ንፋስ ቀጥ ብሎ ይገባበታል፣ እንውሰዳት አለ። አንተ ደግሞ በስልክ ያልከውን አልደግምልህም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን በአንገትሽ ነው ማለትህን ብቻ ላስታውስህ፤ ከዚያ በኋላ አንገቴን ባጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛልና። አልተቀየምኩህም። ሩቅ ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው መፍራት ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ብወስዳት ጥፋተኛ፣ ባልወስዳት ጥፋተኛ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ቀረሁ።

እንግዲህ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርህ። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ የሚሰቀለው ካላንደር አለ አይደል፤ ከትልቁ ቁጥር ሥር የገበሬው አቆጣጠር በደቃቁ የሚጻፍበት። ጠዋት ጠዋት አንድ ወረቀት ቀድጄ አነብላታለሁ፤ እማ ፊደል ባትቆጥርም የዕለቱን ቀን ሳትሰማ ሻይ አትጠጣም። እኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጋደም ባለችበት፣ የጁላይ ሃያ አምስትን ወረቀት ከመሃል መንጥቄ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት። «አውሱ ገባ» የሚለው ከሥሩ የተጻፈው እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ ስትነሣ ዘንድሮ የገበሬው አቆጣጠር በሳምንት ዘግይቷል፣ አውሱ የሚገባው በሚመጣው ሳምንት ነው አልኳት። ሬዲዮው ሙቀቱ ዓርብ ይሰበራል ብሎ ነበርና፣ ሲበርድ ወስጄ «ይኸው አውሱ» ልላት አስቤ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስንዴና ወይራ በቀን ቆጥራ ያሳደገች ሴት በወረቀት የምትታለል መሰለኝ። እሷም «እንዲያ ነው?» ብላ ዝም አለች። እኔ ሞኟ ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

ሰኞ ዕለት መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ውኃ ላጠጣት ስጠጋ «ሳልሃ፣ በጎቹ ገቡ?» አለችኝ። አክስታችን ሳልሃ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው። እማን ቀረብ ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ቆዳዋን ቆንጠጥ ሳደርገው እንደ ተቆነጠጠ ይቀራል። ላሚን ሮጦ ሐኪሙን አመጣው። ሆስፒታሉ ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ተኝቷል ብሎ እዚሁ አልጋዋ ላይ ግሉኮስ ሰቀለላት፤ አመሻሽ ላይ ወደ ልቧ ተመለሰች፣ ስሜንም ጠራችው። ሐኪሙ ሲወጣ ግድግዳውን በመዳፉ ነካውና አቃጥሎት እጁን መለሰ። ነገም እዚህ ከዋለች አላረጋግጥላችሁም፤ ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከቻላችሁ ውሰዷት፣ ባሕሩ ውስጥ ግን እግሯን ብቻ፣ ለአስር ደቂቃ ብቻ አለ። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልህና አልቅሼ የዘጋሁት። ልጠይቅህ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ግን አንተ ያንን ግድግዳ ልትነካው እንደማትችል ገባኝ። የሚወስን ሰው ስጠብቅ ወሳኟ እኔው ነበርኩ።

ማክሰኞ ሱብሂን ሰግደን ወጣን። በእርጥብ አንሶላ ስጠቀልላት «እንደ አይብ ጠቀለልሽኝ» ብላ አጉረመረመች፤ ማጉረምረሟን ሰምቼ ደስታዬን አልቻልኩትም። ላሚን መኪናዋን እንደ እንቁላል ጭነት እያባበለ ነዳ። እኔ ከኋላ ሆኜ በየአሥር ደቂቃው ውኃ አጠጣታለሁ፣ አንገቷን አርሳለሁ፣ እንደምን ነሽ እላለሁ። መጨረሻ ላይ ከሙቀቱ ይልቅ ጥያቄሽ ገደለኝ አለችኝ። ኮረብታውን አልፈን ንፋሱ ሲገባ ላሚን መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው፤ እሷ ፊቷን ወደ ንፋሱ አዙራ ዓይኗን ጨፈነች።

ሄርግላ ስንደርስ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። አሮጊቶቹ ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰው እንደ ድሮው ፈረሱን ያጥባል፤ ሐብሐቡን ማዕበሉ እንዲያቀዘቅዘው አሸዋ ውስጥ ቀብረውታል። እኔ ግን አሁንም ከውሸቴ አልወጣሁም። እውነቱን ካወቀች ሰባት ማዕበል ካልገባሁ ትላለች፣ ልቧ ይቆምብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እግርሽን ብቻ ነው የምታስነኪው፣ አውሱ ገና ነው፣ ዛሬ ለንፋሱ ብቻ ነው የመጣነው አልኳት።

እማ ከጉያዋ መሀረብ አወጣችና ቋጠሮውን ፈታችው። የወይራ ዘር ነው፤ ፍሬውን በልታ እየጠረገች ያኖረችው። ከአጨዳው ማብቂያ ጀምራ በየቀኑ አንድ አንድ ስታስቀምጥ አርባ ሆኗል፤ አርባኛው አውሱ የሚገባበት የዚያ ዕለት ነው።

«ነጃት፣ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ቀን እቆጥራለሁ» አለችኝ። «ካላንደር የሚቀደደው ጠዋት ነው፤ አንቺ ከሰዓት በኋላ ቀደድሽው። የተኛሁ መሰለሽ። በይ ወረቀቱን ከቦርሳሽ አውጪው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እኔ ላይ ደረሰ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። «ፈርተሽልኝ የዋሸሽውን ምን ብዬ ላጋልጥሽ» አለች፤ ጫማዋንም አወለቀች።

ክርክር አልቻልኳትም። ላሚን በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ይዘናት እስከ ወገቧ ገባች። ባሕሩ የዋህ ነበር፤ አላህ ራርቶልን ነው። መጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ስለ ልቧ ዱዓ ታደርጋለች ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። «ለተውፊቅ እጅ» አለች። ሁለተኛው መጣ፤ «ለተውፊቅ እጅ» አለች። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም እንዲሁ። እያንዳንዱን ስትቀበል ቀኝ እጇን ውኃው ውስጥ ዘርግታ ጣቶቿን ታጥፍና ትዘረጋ ነበር። ስድስተኛው ሲያልፍ አላስቻለኝም፤ ይህችን አንዷን እንኳ ለልብሽ አድርጊያት ብዬ ለመንኳት።

«ልቤ ሰባ ስምንት ዓመት ሠርቷል» አለችኝ። «እጁ ገና ልጅ ያሳድጋል።»

ሰባተኛውንም ለአንተ ሰጠችው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ባሕር ባሕር ስትል ሙቀቱ አስጨንቋት፣ ወይም አባን አስታውሳ መስሎን ነበር። ለካ ሦስት ዓመት ስለ ተውፊቅ ማዕበል የተቀበለ ሰው የለም፣ በሦስተኛው ዓመት የመረቡ መጎተቻ ጣቶቹን ያዛቸው ብላ በልቧ ይዛው ኖራለች። ለምን እንዳልነገረችህ ጠየቅኋት። ይስቅብኛል አለች። ወንድሜ፣ እንዳትሄድ ብለህ የጮህክበት መንገድ የአንተው መንገድ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ላሳፍርህ አይደለም። እኔም አላወቅኩም፤ አውቄ ቢሆን አልዋሽም ነበር።

ደግ ሠራሁ ብዬም አልኮራም። አስር ደቂቃ የተባለችው ሃያ ሆነች፤ ለሁለት ቀን አሳላት፣ ሐኪሙም እኔን ተቆጣኝ። የላሚን አክስት ቤት ሦስት ሌሊት አደርን፤ ዓርብ ሙቀቱ እንደ ተባለው ተሰበረና ተመለስን። ግፊቷ ዛሬ ጠዋት ሲለካ ልክ ነው። አንድ ነገር ሆና ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በምን አፌ እጽፍልህ ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ላሚን ሰላም ብሎሃል፤ የአክስቱ ቤት ለአንተም ክፍት ነው ብሏል። ልጄ ሃላ ለአጎቷ እጅ ነሥታለች፤ ለፈተናዋ የላክህላት ሰዓት ይሠራል። የሲ ሐማዲ ልጅ ለለቅሶው የላከው መልእክት ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ በይልኝ ብላለች። ሪምን በእኔ ስም አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ልጆቹን ግንባራቸውን። እማ ሁላችሁንም በየስማችሁ ጠርታ ሰላም ትላለች።

ለአንተ ደግሞ ለብቻህ የላከችው አለ። ፖስታው ውስጥ የታጠፈችው ትንሽ ወረቀት ያቺ ከካላንደሩ የቀደድኳት ናት። ሰባተኛው ማዕበል ላይ በእጇ ይዛ ነከረቻት፤ መኪናው መስታወት ሥር ደርቃ ጨው አውጥታለች፣ «አውሱ ገባ» የሚለው ግን ይነበባል። እማ ራሷ በክር አስራታለች። ክሩን ሪም እንዳትፈታልህ፣ መቀስም እንዳታነሣ፤ በታመመው እጅህ ፍታው ብላለች። ብዙ ጊዜ ይፈጅብሃል አልኳት። ይፍጅበት፣ እኔ እጠብቃለሁ አለች።

እህትህ ነጃት

ቃይራዋን፣ አውሱ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ጁላይ 30