እስፒሏን አንድ ጣት ወደ ላይ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ ጠዋት

ምስር እየለቀምኩ ነው ደብተሬ። በግራ እለቅማለሁ፣ በቀኝ እጽፍብሃለሁ። መሠረተ ትምህርት የጠቀመኝ ለዚህ ነው፤ ሥራ ሳልፈታ ለመለፍለፍ። ሰናይት፣ የጓሮ ቤት ተከራዬ፣ ካርታ መ/ቤት የምትሠራዋ፣ ተራራ ትሠራለች። ካርቶን ትቆርጣለች፣ በካርቶን ላይ ትለጥፋለች። ይኸው እንጦጦ ከነሽሮ ሜዳው ጠረጴዛ ላይ! ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ በሁለት ዓይን መነጽር ታያለች። እኔንም አሳየችኝ። ወይ ጉድ፣ ዳገቱ ብድግ አለብኝ። ቤት አለ፣ ዛፍ አለ፣ ሰው የለም። አንድም ሰው። ቀፈፈኝ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ዳገቱ ላይ የጥንት የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ እንጨት ስንለቅም የምንሸሻቸው። ሰናይት ባሉበት ሁሉ ካርቶኑ ላይ እስፒል ሰካች፣ ክር ወጠረች። አንዱ ድንጋይ ሌላውን ያያል አለች፤ እንዲተያዩ ነው ያቆሟቸው። አንድ ግን ጎድሏል። ክሩ በሚያርፍበት ቅዳሜ ይቆፈራል። ክሩ የት አረፈ? ቤቴ ላይ!

እማማ ጥሩነሽ፣ እርስዎ ቤት ድንጋይ አለ እንዴ? አለችኝ እየሳቀች። ያለው የባሌ ጭንቅላት ነበር፣ እሱንም ቀብሬዋለሁ አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ ቤቴ ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ።

ላንተ ልንገርህ። ድንጋዩ ወድቆ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ባሌ ቤቱን በላዩ ነው የሠራው። ልጄ አበራ፣ ወጣቱ ሁሉ በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ ድንጋዩ ሥር ቆፍሮ የሆነ ነገር ቀበረ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። እስክመጣ እንዳትከፍቺው አለኝ። ወጣ። በቃ። ቢገኝ ለኔ አንገት አይደለም የምፈራው፣ አርጅቷል። ልጄ በሕይወት ካለ ግን ይፈልጉታል።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ 4 ሰዓት

ሥራ ሄዳለች። ገባሁ። እስፒሏን ነቀልኩ፣ ክሩን ተከትዬ አንድ ጣት ወደ ላይ ሰካኋት፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ማንም የሌለበት። ቦታ አልመረጥኩም። እጄ ራሱ ሄደ። ስሰካት ካርቶኑ እንደ ሰው እህ አለ።

አንቺ አሮጊት ሌባ!

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ትናንት አይታ ግራ ገባት። እርስዎ ቤት ላይ መስሎኝ ነበር፣ ዓይኔ ነው አለች። አዎ ልጄ፣ እንቅልፍ አነሰሽ አልኳት። ዛሬ ከነአለቃዋ ለቁፋሮ ወጡ። ተገላገልኩ። በር ላይ ተቀምጬ ዳገቱን አየዋለሁ። ያየኛል።

9 ሰዓት። ተመለሰች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ውሃ ብሰጣት በአንድ እጇ ብቻ ተቀበለች። ድንጋይ የለም። ሰው አገኙ። የጥንት ነው ወይ ብላት፣ ሹራብ ለብሷል አለችኝ። አለቃዋ አፈሩን መልሱ፣ ምንም አላየንም ብሏቸዋል። እሷ የሆነ ነገር ጨብጣ መጥታለች፣ መጨበጧንም አላወቀች። እጇን ዘረጋሁት።

የልብስ ቁልፍ። ከካፖርቴ ቆርጬ አበራ ሹራብ ላይ በቀይ ክር የሰፋሁት። ክሩን ስበጥስ ጠርዙን በጥርሴ ሸርፌው ነበር። ቀሪዋን ጥርሴን አስገባሁባት።

ገጠመች።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ሚካኤል

ለሰናይት ነገርኳት። እስፒሏን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ማን አሳየዎት እማማ? አለች። እኔ ምን አውቄ። ድንጋይ ድንጋይን ያያል ያልሽው አንቺ አይደለሽ?

እስክመጣ ነበር ያለኝ። መጣ እንግዲህ።

አልጋውን ገፋነው። ዶማው ጭኔ ላይ ነው፣ ሰናይት በሩን ይዛለች። ከቅዳሜ ወዲህ አልተኛሁበትም ደብተሬ፣ ጎኔን መሬት ላይ ነው የማሳርፈው። አሁን እጄን ጣል ባደርግበት ድንጋዩ ሞቋል። ሰው አሁን የተነሳበት ይመስላል። በቃ ጠብቀኝ፣ እስኪ ልክፈተው።